ዘሩ ከየት መጣ? የዛፍ ችግኞች ውርስ ታሪክ

ከአንድ የዛፍ ዝርያ የተለቀሙ ሁለት ዘሮች በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ይዘራሉ። አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ጥላው አንድ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ጉልበት ላይ ሲደርስ ሌላው ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ይህን በየዓመቱ ያየዋል። ብዙውን ጊዜም በውሃ ማጠጣት ወይም በአፈር ድብልቅ ጉድለት አመካኝቶ ያልፈዋል። ልዩነቱ ከወላጅ የተወረሰ ሊሆን እንደሚችል፣ ውርሱም እናት ዛፏ ከቆመችበት ቦታ ከፍታ፣ ከብርዱና ከቀኑ ርዝመት ጋር እንደሚያያዝ ለመረዳት የደን ባለሙያዎች ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እስኪረዱት ድረስ ሰፋፊ ደኖች ተበላሽተዋል። ታሪኩ ከመርከብ ይጀምራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከ1739 እስከ 1782፦ ምሰሶ ፍለጋ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአንድ መንግሥት ጉልበት በባሕር ኃይሉ ይለካ ነበር። የባሕር ኃይሉ ደግሞ ያለ ረጅምና ቀጥ ያለ ግንድ ከወደብ አይወጣም። ለጦር መርከብ ምሰሶ የሚሆነው ምርጡ ግንድ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ በሪጋ ወደብ በኩል ነበር የሚመጣው። ዛፉ የስኮትላንድ ፓይን የሚባለው ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ከስፔን ተራሮች አንስቶ ሳይቤሪያን አቋርጦ የሚዘልቅ ዝርያ ነው። ፈረንሳይም ዛፉ ነበራት፤ የእሷው ግን እየጎበጠና ቅርንጫፍ እያበዛ ለምሰሶ አልመች አለ።

በ1739 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው ሄንሪ ሉዊ ዱአሜል ዱ ሞንሶ አንድ ነገር ማወቅ ፈለገ። የሪጋን ግንድ የሚያቃናው የሪጋ አፈርና ብርድ ነው ወይስ ዛፉ በተፈጥሮው ቀጥ ያለ ነው? ከሪጋ፣ ከስኮትላንድና ከሌሎችም ቦታዎች ዘር አስመጥቶ ፈረንሳይ ምድር ላይ ዘራ። ዛሬ ለማንም ግልጽ የሚመስለው ይህ ሙከራ በዘመኑ ከነበረው እምነት ጋር የሚጋጭ ነበር። ታላቁ የስዊድን የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታይን ልዩነት አፈርና አየር የሚያመጡት አላፊ ነገር አድርጎ ነበር የሚያየው። በዚህ አስተሳሰብ ዛፉ ሌላ አፈር ላይ ሲተከል ልዩነቱ አብሮ መጥፋት አለበት።

ዱአሜል ስለ ዛፍ መዝራትና መትከል የጻፈውን መጽሐፍ በ1760 አሳተመ፤ በ1782 አረፈ። ለትልቅ መርከብ ምሰሶ የሚደርስ ግንድ ግን መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ጥያቄው በእሱ ዕድሜ የሚፈታ አልነበረም።

## ከ1821 እስከ 1866፦ በአንድ መሬት ላይ የተሰበሰቡ አገሮች

የዱአሜልን ሐሳብ ወደ ፍሬ ያደረሰው ሊቅ ሳይሆን የዘር ነጋዴ ነው። ፊሊፕ አንድሬ ደ ቪልሞራን ስሙ በፈረንሳይ የዘር ንግድ ከታወቀ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር። በ1821 ከፓሪስ በስተደቡብ ሌ ባር የሚባል ርስት ገዛና የስኮትላንድ ፓይንን ከሪጋ፣ ከስኮትላንድ፣ ከአልዛስና ከሌሎችም አካባቢዎች እያስመጣ በየክፍሉ ለይቶ ተከለ። ነጋዴ በመሆኑ የእያንዳንዱን ዘር መነሻ በጥንቃቄ መዝግቧል። በዚህ ሙያ ከመዝገብ የሚበልጥ ሀብት ያለ አይመስለኝም። ዘሩ ከየት እንደመጣ ያልተጻፈበት ዛፍ የቱንም ያህል ቢያምር ለማወዳደሪያ አይሆንም።

ዛፎቹ ሲያድጉ ልዩነታቸው ተገለጠ። በአንድ አፈርና በአንድ አየር ላይ ቆመው የሪጋዎቹ ቀጥ አሉ፣ ሌሎቹም እንደየመነሻቸው የየራሳቸውን ቅርጽ ያዙ። አፈሩ ልዩነታቸውን አላጠፋውም።

በዚያው ዘመን ፓትሪክ ማቲው የሚባል ስኮትላንዳዊ የአትክልትና የደን ባለቤት ስለ መርከብ እንጨት በ1831 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የማይረሳ ቅሬታ አሰማ። ዘር ለቃሚዎች ለመልቀም የሚቀልላቸውን አጫጭርና ደካማ ዛፍ እየመረጡ ነው፤ ችግኝ አፍዪዎችም የደካማ ዛፍ ልጆችን ለአገር እያከፋፈሉ ነው ሲል ጻፈ። ይህ ሰው ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ ከዳርዊን ቀድሞ መጻፉን ዳርዊን ራሱ በ1860 አምኗል። ለደን ሰው ግን የሚበልጠው ቁም ነገር ስለ ዘር ለቃሚው የተናገረው ነው፤ ዛሬም እውነት ነውና።

በ1866 የፈረንሳይ መንግሥት የሌ ባርን ርስት ገዛው። በዚያው ዓመት ግሬጎር ሜንዴል የሚባል የብሩን ከተማ መነኩሴ በአተር ላይ የሠራውን የውርስ ጥናት አሳተመ፤ ለ34 ዓመታትም ያስተዋለው ሰው እምብዛም አልነበረም።

## ከ1880ዎቹ እስከ 1910፦ የርካሽ ዘር ዘመን

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የታሪኩ መራራ ክፍል ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎችና ማዕድን ማውጫዎች እንጨት እየበሉ ደኖች ሲሳሱ መንግሥታት በገፍ መትከል ጀመሩ። በገፍ ለመትከል በገፍ ዘር ያስፈልጋል። በጀርመኗ ዳርምሽታት ዙሪያ የፓይን ፍሬ በሞቀ ቤት ውስጥ እያደረቁ ዘሩን የሚያራግፉ ትልልቅ ድርጅቶች ተቋቁመው ነበር። የባቡር ሐዲዱ ተዘርግቷልና ዘሩ በጆንያ እየተሞላ ወደ ስዊድን፣ ወደ ባልቲክ አገሮችና ወደ ሌሎችም ተጓዘ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይበቅላል።

ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን ማቲው የተናገረው ነበር። ፍሬው የሚለቀመው ሰው ሳይወጣባቸው ከሚደረስባቸው አጫጭርና ቅርንጫፋም ዛፎች ነው። በዚያ ላይ የመካከለኛው አውሮፓ ፓይን የለመደው በጋ ረጅም ነው። መደብ ላይ እያለ ከስዊድኑ ዘር ይልቅ ይፈጥን ስለነበር ተካዩ ደስ ይለው ነበር። ክፉው የሚመጣው በኋላ ነው። የሰሜን መኸር ቶሎ ይብታል፤ የጀርመኑ ችግኝ ግን ገና ማደጉን አላቆመም። ለጋው ጫፍ በውርጭ ይሞታል፣ ከጎን ያለ ቅርንጫፍ ቦታውን ይወስዳል፣ ግንዱም እዚያ ላይ ይጎብጣል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የቅጠል በሽታና የበረዶ ክብደት ይጨመርበታል። «የዳርምሽታት ፓይን» የሚለው ስም በባልቲክ አገሮች የጎባጣ ደን መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስዊድንም በውጭ ዘር ላይ ቀረጥ እስከ መጣል ደረሰች።

ኢትዮጵያም ወደ ዓለም የዛፍ ዘር ጉዞ የገባችው በዚሁ ዘመን ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ ዋና ከተማዋን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንሳዊው አማካሪ በሞንዶን ቪዳሌ አማካይነት ባሕር ዛፍ ገባ። ከተሞከሩት ዓይነቶች መካከል ደጋውን የወረሰው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲሆን አገሩ የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያና አጠገቧ ያለው ደቡባዊ ቪክቶሪያ ነው። የእንጦጦ ብርድ አልከበደውም፤ ከተማዋም ከነዋሪዎቿ ጋር እዚያው ጸናች። የዳርምሽታትን ፓይን ያሰናከለው የአየር አለመመጣጠን እዚህ አልነበረም። ዘሩ የመጣበት ቦታ ብርድና የተተከለበት ደጋ ብርድ ተቀራራቢ ነበሩ።

ግን አንድ የውርስ ጉዳይ ከባሕር ዛፍ ጋር አብሮ መጥቷል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ከሚያፈራው ዘር ብዙው ከራሱ ጋር የተዳቀለ ነው። ዳርዊን በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ በብዙ ዕፅዋት ላይ እንዳሳየው፣ ከራስ ጋር የተዳቀለ ዘር ደካማ ልጅ ይወልዳል። ባሕር ዛፍ ላይ ይህ ድካም መደብ ላይ ሁልጊዜ አይታይም። ችግኙ ይበቅላል፣ ይሸጣል፣ ይተከላል፤ ወደኋላ መቅረቱና መሞቱ የሚመጣው ሜዳ ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ብርሃንና ውሃ መሻማት ሲጀምር ነው። ከግቢ ጥግ ከቆመ አንድ ዛፍ ዘር እየለቀሙ መንደር ሙሉ መትከል የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

## ከ1887 እስከ 1913፦ የተራራ ዘር ቆላ ሲወርድ

ከጉዳቱ በኋላ ማስረጃ የሚፈልጉ ሰዎች ተነሡ። ኦስትሪያዊው አዶልፍ ቺስላር ቪየና አጠገብ ባለው የማሪያብሩን የምርምር ጣቢያ ሆኖ ከተለያየ ከፍታ የተለቀመ የስፕሩስ ዘር በአንድ መደብ ዘራ። ከከፍተኛው ተራራ የመጡት ችግኞች ቆላ ወርደውም አልረዘሙም። ሙቀቱም ረጅሙ በጋም አላፈጠናቸውም። በዚያ ላይ ከግንዳቸው ይልቅ ሥራቸው ያይላል። ለተራራ ዛፍ ይህ ተገቢ ነው። በጋው ከማለቁ በፊት ቶሎ ማቆም፣ ከበረዶና ከነፋስ ዝቅ ብሎ መኖር፣ ከመሬቱ ጋር መያያዝ ሕይወቱን ያቆየዋል። የሚያስደንቀው ግን ብርዱ በሌለበት ቦታም ያንኑ ማድረጉ ነው። በላርች ዛፍም ተመሳሳይ ነገር አየ፦ ከሱዴተን ተራሮች የመጣው ቀጥ ብሎ ይፈጥናል፣ ከአልፕስ የመጣው ይዘገያል፣ ይጎብጣልም።

በዙሪክ ፕሮፌሰር የነበረው አርኖልድ ኤንግለርም ከ1905 እስከ 1913 ድረስ ባሳተማቸው ጥናቶች የዘር መነሻ የደን ዛፎችን ጠባይ እንዴት እንደሚወስን በስዊስ ተራሮች ላይ አረጋገጠ። በ1892 በኤበርስቫልደ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የደን ምርምር ተቋማት ኅብረት በ1907 በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ የሚካሄድ የስኮትላንድ ፓይን ሙከራ አስጀመረ። አንድ ሰው በርስቱ ላይ የጀመረው ነገር የአገሮች ሥራ ሆነ።

## ከ1900 እስከ 1936፦ ዘር፣ ሒሳብና ምድጃ

በ1900 የሜንዴል ጽሑፍ እንደገና ተገኘ። ግን ለደን ሰዎች ወዲያው አልጠቀማቸውም። የሜንዴል አተር ወይ ረጅም ነው ወይ አጭር፤ በመደብ ላይ ያለ የፓይን ችግኝ ግን ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ሁሉንም ደረጃ ይይዛል። ይህን ሁለት የሚመስል ነገር ያስታረቀው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። በ1918 ባወጣው ጽሑፍ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚጨምሩ ብዙ ዘረመሎች አንድ ላይ ሲሠሩ ልክ መደብ ላይ የሚታየው ዓይነት ያልተቋረጠ ልዩነት እንደሚወለድ በሒሳብ አሳየ። ከዚህ በኋላ ጥያቄውን በቁጥር መጠየቅ ተቻለ። በችግኞች መካከል ከሚታየው የቁመት ልዩነት ምን ያህሉ የውርስ፣ ምን ያህሉ የቦታ ነው?

ስዊድናዊው ጎተ ቱሬሶን በ1922 የዱር ዕፅዋትን ከየቦታው ሰብስቦ በአንድ ማሳ ላይ ሲያበቅል፣ እያንዳንዱ መኖሪያ የራሱን የተለየ ዘር እንዳፈራ ደመደመ። የባሕር ዳርቻው አንድ ዘር፣ የተራራው ሌላ ዘር፣ በመካከላቸውም ድንበር። ሐሳቡ ማራኪ ነበርና በፍጥነት ተሰራጨ።

በዛፍ ላይ ግን አልጸናም። የአገሩ ሰው ኡሎፍ ላንግሌት 582 የስኮትላንድ ፓይን ዘር ናሙናዎች ከየአካባቢው አሰባስቦ ችግኝ አበቀለ። የለካው ነገር ለሌላ ሰው አሰልቺ ሊመስል ይችላል። መኸር ላይ ቅጠላቸውን እየቆረጠ ይመዝናል፣ በምድጃ ያደርቃል፣ እንደገና ይመዝናል። ለክረምት የተዘጋጀ ችግኝ ውሃውን ቀንሶ ስኳርና ሌላ ደረቅ ነገር ያከማቻልና ቅጠሉ ሲደርቅ ብዙ ይተርፋል። ገና በማደግ ላይ ያለው ግን አብዛኛው ውሃ ነው። በ1936 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን በተጓዙ ቁጥር የደረቁ ክፍል ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ ድንበር የሚባል ነገር የለም። አንድ የሰሜን ዘርና አንድ የደቡብ ዘር ብሎ መክፈል አይቻልም። ያለው ቁልቁለት ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ የሚለወጥ። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። ዘር ለመትከል ሲታሰብ የሚጠየቀው ነገር ተለወጠ። «የእኛ ዘር ነው ወይስ የውጭ?» የሚለው ቀርቶ «ከመነሻው ስንት ርቀት፣ ስንት ከፍታ ተጓዘ?» ተባለ።

## ከ1925 እስከ 1973፦ ካሊፎርኒያና ሉዊዚያና

ጄምስ ኤዲ በእንጨት ንግድ የበለጸገ አሜሪካዊ ነበር። ፍራፍሬና አበባ በማሻሻል የታወቀው የሉተር በርባንክ ሥራ ስለማረከው ዛፍም እንዲሁ ይሻሻል ብሎ በ1925 በካሊፎርኒያዋ ፕላሰርቪል ከተማ የዛፍ ማሻሻያ ጣቢያ በራሱ ገንዘብ አቋቋመ። አሥር ዓመት ካስተዳደረው በኋላ በ1935 ለአገሩ መንግሥት ሰጠው።

የጣቢያው ሰዎች ከሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ቁልቁለት፣ ከግርጌው ጀምሮ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ድረስ የፖንደሮሳ ፓይን ዘር ለቀሙ። በ1938 የሁሉንም ችግኝ በሦስት ቦታ ተከሉ፦ 290 ሜትር፣ 830 ሜትርና 1,720 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እያንዳንዱ ዘር በአገሩም፣ ከአገሩ ውጭም ይፈተናል ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሦስቱም ቦታ የበለጡት የመካከለኛው ከፍታ ልጆች ነበሩ። በከፍተኛው ቦታ እንኳ የዚያው አካባቢ ልጆች ዝቅ ብለው ታዩ። በ12ኛው ዓመት ሪፖርት ያነበበ ሰው የመካከለኛውን ዘር በየቦታው ተክሎ ደኑን ሁሉ ማፍጠን ይችል የነበረ ይመስላል። ሙከራው ግን ቀጠለ። ዓመታት ሲጨመሩ ከፍተኛው ቦታ ላይ ከባድ በረዶና ማዕበል እየመጣ የቆላውንና የመካከለኛውን ልጆች ጫፍ ሰበረ። የተራራው ልጆች ግን በዝግታቸው ቀጥለው በ29ኛው ዓመት በታተመው ውጤት ልዩነቱን እያጠበቡ መጥተዋል። የችግኝነት ፍጥነት የዕድሜ ልክ ፍጥነት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሙከራ አላውቅም። መደቡ ላይ የሚለካው የአንድ ዛፍ የመጀመሪያ መቶኛ ክፍል ነው።

በአገሪቱ ደቡብ ደግሞ የሉዊዚያናዋ ቦጋሉሳ ከተማ የራሷን ማስረጃ ሰጠች። በ1927 ፊሊፕ ዌክሊ የሚባል የደን ተመራማሪ የተሳተፈበት ሙከራ የሎብሎሊ ፓይን ዘርን ከሉዊዚያና፣ ከቴክሳስ፣ ከጆርጂያና ከአርካንሳስ አስመጥቶ ጎን ለጎን ተከለ። ዓመታት ሲያልፉ የአካባቢው ዘር ከሌሎቹ እጅግ የላቀ እንጨት ሰጠ። የጆርጂያው ክፍል ግንዱን እንደ ጎተራ የሚያሳብጥ የዝገት በሽታ ወደቀበት፤ በእብጠቱ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ይታያል፣ ነፋስ ሲመጣም ዛፉ እዚያ ላይ ይሰበራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች «የአካባቢህን ዘር ትከል» የሚለውን ደንብ ወሰዱ። ጥሩ ደንብ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመላው ደቡብ በተተከለ ሰፊ ሙከራ፣ ከዚያው ከሉዊዚያና ሊቪንግስተን አውራጃ የሚለቀመው ዘር በሽታውን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘና ወደ ጆርጂያ፣ ወደ አላባማና ወደ ሌሎችም ተጭኖ ሄደ። እነዚያ ቦታዎች ከራሳቸው ዘር ይልቅ በዚህ ተጠቀሙ። የአካባቢው ዛፍ ያለፈውን አየርና ያለፈውን በሽታ ተለማምዷል፤ ለሚመጣው ዋስትና የለውም።

## ከ1951 እስከ 1999፦ ምርጥ ዛፎችን ማጋባት

ከዚህ በኋላ ዘሩን ከጫካ ከመልቀም አልፎ ማምረት መጣ። መንገዱን ዴንማርካዊው ሲራክ ላርሰን አስቀድሞ አሳይቶት ነበር። ከሰፊ ጫካ ውስጥ ረጅም፣ ቀጥ ያለና በሽታ ያልነካው ዛፍ ይመረጣል፤ ከአናቱ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ ይጣበቃል፤ እንዲህ የተሰበሰቡ ምርጦች ከሌላ ጫካ ርቀው በአንድ እርሻ ላይ ተተክለው እርስ በርሳቸው ይዳቀላሉ። በአሜሪካ ብሩስ ዞቤል በ1951 በቴክሳስ፣ በ1956 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንጨት ኩባንያዎችን አስተባብሮ ይህን በትልቅ ደረጃ ጀመረ።

ሥራው የውርስን ባሕርይ በቁጥር አስተማረ። የእንጨት ክብደት ከወላጅ ወደ ልጅ አጥብቆ ይወረሳል፤ ቁመት ግን በእጅጉ ባነሰ መጠን ይወረሳል፤ ምክንያቱም ጉድጓዱ፣ ድንጋዩና ጎረቤቱ ሁሉ ቁመት ላይ እጃቸውን ያስገባሉ። ስለዚህ ረጅም ዛፍ መርጦ ረጅም ልጅ መጠበቅ ያሳስታል፤ ልጆቹን በብዙ ቦታ ተክሎ፣ የልጆቹን አማካይ አይቶ ወላጁን መፍረድ ያስፈልጋል። ደካማ ልጆች የወለደው ዛፍ ከእርሻው ይቆረጣል። በዚህ መልክ ከመጀመሪያው ትውልድ የዘር እርሻዎች የተገኙት ችግኞች በመቁረጫ ዕድሜያቸው ካልተመረጠው ዘር ከ7 እስከ 12 በመቶ የበለጠ እንጨት እንደሚሰጡ በ1999 ተዘገበ።

## ከ1981 እስከ 2008፦ የሊንግዳል እንቆቅልሽ

ሳይንሱ ሁሉ በቅቷል በተባለ ጊዜ ኖርዌይ ውስጥ የማይገባ ነገር ተከሰተ። የሰሜን ኖርዌይ በጋ አጭር ስለሆነ እዚያ የሚበቅለው ስፕሩስ በየዓመቱ አያፈራም። ባለሙያዎቹ ከሰሜን ምርጥ ዛፎችን መርጠው ቅርንጫፋቸውን በአገሪቱ ደቡብ ጫፍ፣ ሊንግዳል ላይ አጣበቁ። ደቡብ ይሞቃልና ዘር በብዛት ይሰጣሉ፤ ዘሩ ግን የሰሜን ነው፣ ወላጆቹ የሰሜን ናቸውና። ሒሳቡ እንከን የለሽ ነበር።

ችግኞቹ ግን እንደ ደቡብ ልጆች ሆኑ። መኸር ሲገባ ወላጆቻቸው ጫፋቸውን ዘግተው ለብርድ በሚዘጋጁበት ጊዜ እነሱ ማደጋቸውን ቀጠሉ፤ ውርጩም አገኛቸው። በአካባቢው ካሉ የደቡብ ዛፎች ብናኝ ገብቶ ይሆን? ኦይስተይን ዮንሰንና ቱሬ ስክረፓ የተባሉት ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት በቁጥጥር ስር ሙከራ አካሄዱ። ያው አባትና ያችው እናት አንድ ጊዜ በሞቀ፣ አንድ ጊዜ በቀዘቀዘ ሁኔታ ይዳቀላሉ። ከሞቀው የወጡት ልጆች ዘግይተው፣ ከቀዘቀዘው የወጡት ቀድመው እድገታቸውን አቆሙ። ወላጅ አልተለወጠም፣ ዘረመልም አልተለወጠም። የተለወጠው ፅንሱ ዘር ውስጥ ሳለ ያየው ሙቀት ነው።

በ2008 የታተመ ሥራ ደግሞ ነገሩን እስከ ጥጉ ወሰደው። ከአንድ ፅንስ የተባዙ፣ በዘረመል ፍጹም አንድ የሆኑ ፅንሶች በተለያየ ሙቀት አድገው ችግኝ ሲሆኑ ጫፋቸውን የሚዘጉበት ጊዜ ተለያየ። ልዩነቱም ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ኬክሮስ ተራርቀው በሚገኙ ጫካዎች መካከል ያለውን ያህል ሆነ። ችግኙ የአያቶቹን አየር ብቻ ሳይሆን እናቱ ያረገዘችበትን አንድ በጋም ያስታውሳል። ለብዙ ዓመታት «የዘር መነሻ» ተብሎ የተለካው ነገር የሁለቱ ድምር ነበር ማለት ነው።

## ከ2006 እስከ 2022፦ ፊደሉ ሲነበብና አየሩ ሲሞቅ

በ2006 የፖፕላር ዛፍ ሙሉ ዘረመል ተነበበ። በዓለም የመጀመሪያው የዛፍ ንባብ ይህ ነው፤ 45,000 ገደማ ዘረመሎች ተቆጠሩለት። በዚያው ዓመት በአስፐን ዛፍ ላይ ከቀኑ ርዝመት ጋር ተያይዘው ችግኙ መቼ ማደጉን እንደሚያቆም የሚወስኑ ዘረመሎች ተለዩ። ላንግሌት በምድጃው የለካው ቁልቁለት መሠረት በከፊል እዚህ ነው። የስፕሩስ ዘረመል በ2013 ሲነበብ ከሰው ዘረመል ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ንባቡ አንድ ነገር አስረግጧል፤ በነፋስ በሚዳቀሉ ዛፎች ውስጥ ካለው የዘረመል ልዩነት አብዛኛው በአንድ ጫካ ውስጥ በቆሙ ዛፎች መካከል ነው። ጥቂት እናት ዛፎችን ብቻ መልቀም ብዙ ያሳጣል።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ አሮጌ ሙከራ አዲስ ጥቅም አገኘ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ኪዝ ኢሊንግወርዝ በ1974 የ140 ቦታ የሎጅፖል ፓይን ዘር በ60 ቦታ ተክሎ ነበር። የያኔው ዓላማ ለየወረዳው ምርጡን ዘር ማግኘት ነበር። ዛሬ ግን ዘሮቹ በሞቃትና በቀዝቃዛ ቦታ እንዴት እንዳደጉ የሚናገረው መዝገብ፣ የአየር ንብረቱ ሲሞቅ የትኛው ዘር ወዴት መወሰድ እንዳለበት ለማስላት ያገለግላል። ክፍለ ሀገሩ ከ2018 ጀምሮ ዘርን ለዛሬው ሳይሆን ለሚጠበቀው አየር በሚመጥን መንገድ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ማስገባት ጀመረ፤ በ2022 ግዴታ አደረገው።

## ከ2019 ወዲህ፦ በእኛ መደቦች

ኢትዮጵያ በ2019 የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻን ስትጀምር የዛፍ ዘር ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሁሉም ሰው ጥያቄ ሆነ። መንግሥት በአንድ የሐምሌ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀ። እያንዳንዱ ችግኝ እናት አለው። ጽድ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ወይራ ከደረቁ የቦረና ደጋ አንስቶ እስከ እርጥቡ የምዕራብ ተራራ ድረስ በየከፍታው ሺህ ዓመታት ሲኖሩ የየቦታቸውን ውርስ ይዘዋል። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ብቻዋን የቀረች ሴት ኮሶ አጠገቧ ወንድ ከሌለ ዘሯ ተስፋ የለውም።

የዘር አሰባሰብ ደንቡ ከባድ አይደለም። ቢያንስ ከ30 እናት ዛፎች፣ በመካከላቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቀት ካላቸው ይለቀም፤ ቦታውና ከፍታው በከረጢቱ ላይ ይጻፍ። የሚያስቸግረው ለቃሚው በኪሎ ሲከፈለው ነው። ኪሎ የሚሞላው መንገድ ዳር የቆመ፣ ብዙ ያፈራ፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ ዛፍ ነው። ለ30 ዛፍ የሚከፈል ዋጋ ካልተለየ ለቃሚን መውቀስ አይገባም።

በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ ዓለም አቀፉ የአግሮፎረስትሪ የምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያ የደን ተቋማት ጋር ሆኖ ለአገር በቀል ዛፎች የዘር እርሻዎችን ሲያቋቁም ቆይቷል። አሠራሩ ከቅርንጫፍ ማጣበቅ የቀለለ ነው። ከብዙ እናት ዛፎች የተለቀመ ዘር እናቱ ሳትረሳ ለየብቻ ይበቅላል፤ ችግኞቹ ተቀላቅለው በረድፍ ይተከላሉ፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁመትና ውፍረት በየጊዜው ይለካል፤ ደካሞቹ እየተቆረጡ የቀሩት እርስ በርስ ተዳቅለው ዘር ይሰጣሉ። መጥረቢያው የሚነሣበት ዓመት ግን በጥንቃቄ የሚወሰን ነው። በሦስተኛው ዓመት ደካማ መስሎ የሚታየው ቤተሰብ የደጋውን ድርቅና ውርጭ ገና አላየም፤ ስለዚህ ቆረጣው በአንድ ጊዜ አያልቅም፣ መጀመሪያ ጥቂቶቹ፣ ከዓመታት በኋላ ሌሎቹ ይወጣሉ፤ በመካከሉም መዝገቡ ይሞላል።